አቤቱታዬን በደብተር ጽፈው ለመረመሩልኝ መካኒክ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በትንሿ ኤስዩቪ መኪናዬ ምክንያት ለሰባት ወራት ስንገላታ ከቆየሁ በኋላ ችግሯን ከሥሩ ያገኙልኝን አንድ አንጋፋ መካኒክ በአደባባይ ለማመስገን፣ ተመሳሳይ ችግር ለገጠማችሁም ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጠራ ስለጠየቁኝ አልጠቅሰውም። የመኪናዬን አምራችና ከእርሳቸው በፊት የሄድኩበትን ጋራዥም ሳልጠቅስ አልፋለሁ፤ የማነሣቸው ችግሮች በዚህ መደብ ያሉ የብዙ መኪኖች ባለቤቶች የሚያቀርቧቸው ቅሬታዎች ናቸውና። እኔ ጋሼ እያልኩ ስለምጠራቸው እዚህም እንዲሁ እላቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በመንቀጥቀጥ ነው። ከቆምኩበት ተነሥቼ ፍጥነቴ በሰዓት ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ሲደርስና ነዳጁን ቀስ አድርጌ ስረግጥ፣ መኪናዋ በደልዳላ አስፋልት ላይ እየሄደች ኮረኮንች ላይ ያለች ይመስል ትርገፈገፍ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የባሰው መጣ። ረጅም ዳገት እየወጣሁ ሳለ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቷ ግን ከ80 ወደ 45 ወረደ፤ ነዳጁን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ምንም አልጨመረችም። ከኋላዬ ከባድ የጭነት መኪና ይከተለኝ ነበር። ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቼ ወደ ዳር ወጣሁ፤ ሞተሩን አጥፍቼ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሳስነሣት ምንም እንዳልሆነች ሆና ሄደች። በዳሽቦርዱ ላይ አንድም የማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም።

መጀመሪያ ያሳየሁበት ጋራዥ ኮምፒውተር አድርገው የተመዘገበ የብልሽት ኮድ ስላላገኙ፣ "የዚህ ዓይነት መኪና ሁሉም እንዲህ ነው፤ ይለመዳል" ብለው መለሱኝ። በሁለተኛው ጊዜ ስመለስ ደግሞ ካምቢዮው በሙሉ መቀየር አለበት አሉኝ። የትኛው ክፍል እንደተበላሸ እንዲያሳዩኝ ብጠይቅም የሚያሳየኝ አላገኘሁም። "ይለመዳል" የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። በዳገት መሐል፣ ከኋላ መኪና እየተከተለ፣ ጉልበት የሚከዳ መኪና የሚለመድ ነገር አይደለም፤ ይህን የሚል ባለሙያ ያንን መንገድ አብሮኝ ቢሄድ ኖሮ እንዲህ አይልም ነበር።

ጋሼ ግን አብረውኝ ሄዱ። ከዚያ በፊት ደግሞ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝና ጠርዙ በዘይት የወዛ ደብተር አወጡ። "ልጄ፣ መቼ ጀመራት? ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ዳገት ላይ ስንት ደቂቃ ከሄድሽ በኋላ ነው የከዳችሽ? ይህ ነገር ከመምጣቱ በፊት ምን ተሠርቶላት ነበር?" እያሉ ጠየቁኝ፤ የምመልሰውንም በራሴው አነጋገር ጻፉት። "ትርገፈገፋለች" ካልኩ "ትርገፈገፋለች" ብለው ነው የጻፉት፤ ወደ ሙያ ቃል አልለወጡትም። ነገሩን የፈታው የመጨረሻው ጥያቄ ሆነ። መንቀጥቀጡ ከመጀመሩ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የካምቢዮ ዘይት ተቀይሮ እንደነበር ያስታወስኩት እርሳቸው ሲጠይቁኝ ነው። ወረቀቱን ፈልጌ ሳመጣላቸው የተሞላው ዘይት ለተለመደው አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆን ነበር።

የእኔ መኪና ካምቢዮ ሲቪቲ የሚባለው ነው። በውስጡ እንደ ሌላው ካምቢዮ ደረጃ በደረጃ የሚገባ ማርሽ የለም፤ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መካከል ይዞራል፤ የፑሊዎቹ ግራና ቀኝ ሾጣጣ ገጽታዎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ ቀበቶው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስለሚሸሽ የኃይል ምጣኔው ያለ መቆራረጥ ይለወጣል። ጋሼ እንዳስረዱኝ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ዘይት ብረቱን ከማለስለስ በተጨማሪ ቀበቶው ፑሊውን አጥብቆ እንዲይዝ የሚያስችል ባሕርይ ሊኖረው ይገባል፤ ለዚህም ነው አምራቾች ለሲቪቲ የተለየ ዘይት የሚያዙት። ሌላ ዘይት ሲገባበት ቀበቶው በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ለነጂው መርገፍገፍ ሆኖ ይሰማዋል፤ ከመንሸራተቱ የሚመጣው ሙቀት ደግሞ ዘይቱን ያበላሸዋል።

ይህን ሁሉ ነግረውኝ እንኳ በግምት አልሠሩም። መመርመሪያውን ከመሪው ሥር ካለው መሰኪያ ላይ ሰክተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ እኔ ሁልጊዜ እንደምነዳው እንድነዳ ነገሩኝ። ዳገቱን ስንጀምር የካምቢዮው ዘይት ሙቀት 88 ዲግሪ ነበር፤ ግማሽ ላይ ስንደርስ 104 ሆነ። 119 ሲደርስ "አሁን ትከዳሻለች፤ ወደ ዳር ተጠጊ" አሉኝ፤ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ጉልበቷ ወረደ። ካምቢዮው እንዳይቃጠል ኮምፒውተሩ ራሱ ጉልበት እየቀነሰ ነበር። በእኔ መኪና ይህ መከላከያ ሥራውን ሲሠራ መብራትም አያበራም፤ ኮድም አይመዘግብም፤ ለዚህ ነው ቆማ የተመረመረች መኪና ደህና ናት የተባለችው። ለወራት የተናገርኩት ነገር በቁጥር ሆኖ ከፊቴ ሲታይ የተሰማኝን እፎይታ በቃላት መግለጽ ይከብደኛል።

በማግሥቱ የካምቢዮውን ሥር ሲከፍቱ አጠገባቸው እንድቆም ጋበዙኝ። ከሥሩ ባለው ሳሕን ውስጥ የብረት ብናኝ የሚሰበስቡ ማግኔቶች አሉ። አንዱን አንሥተው በነጭ ጨርቅ ጠረጉትና የተጠረገውን በሁለት ጣታቸው መካከል እያሹ አሳዩኝ፤ እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ዝቃጭ ነበር። "ይህ ከመደበኛ መፋተግ የሚመጣ ነው፤ ጣቴን የሚወጋ ስንጣሪ ብረት ቢሆን ኖሮ ካምቢዮሽ አልቋል እልሽ ነበር" አሉኝ። ከዚያም የካምቢዮውን ዘይት የሚያቀዘቅዘውን ትንሽ ራዲያተር አወጡ፤ ክንፎቹ በጭቃና በነፍሳት ተደፍነው ብርሃን አያሳልፉም ነበር። የተሳሳተው ዘይትና የተደፈነው ማቀዝቀዣ ተባብረው ነው መኪናዬን ያሰናከሏት። ራዲያተሩን አጠቡ፤ አሮጌው ዘይት በአንድ ጊዜ ተጠርጎ ስለማይወጣ አምራቹ ያዘዘውን ዘይት ሞልተው ጥቂት ካስነዱኝ በኋላ እንደገና ቀየሩት። የዘይቱን ልክ ያስተካከሉት ሞተሩ እየሠራ፣ ሙቀቱ አምራቹ በወሰነው መጠን ላይ ሲደርስ ነው፤ ዘይት ሲሞቅ ስለሚሰፋ በቀዝቃዛው የተለካ ልክ ያሳስታል። ያንኑ ዳገት አብረን ስንወጣ ቁጥሩ 94 ላይ ቆመ። መለወጥ አለበት የተባለው ካምቢዮ ያው ነው፤ እነሆ አምስተኛ ወሩን ያለ እንከን እየሠራ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ ያስደነግጥ ነበር። ፊት ለፊቴ ምንም በሌለበት መንገድ፣ ዳር የቆሙ መኪኖችን እያለፍኩ ሳለ፣ መኪናዋ ሁለት ጊዜ በራሷ ፍሬን ያዘች። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡ 20 አምራቾች በራሱ የሚሠራውን የአደጋ ጊዜ ፍሬን በአዳዲስ መኪኖቻቸው ላይ መደበኛ ለማድረግ ቃል ከገቡ ወዲህ መሣሪያው በእንዲህ ያሉ መኪኖች ላይ የተለመደ ሆኗል፤ ብዙ ሕይወት የሚያተርፍ ነገር መሆኑንም አምናለሁ። ያለ ምክንያት ሲይዝ ግን ከኋላ የሚመጣ መኪና እንዲገጫችሁ ያደርጋል፤ ባለቤቶች በየአገሩ ከሚያቀርቡት የደኅንነት ቅሬታ አንዱም ይኸው ነው። ጋሼ ይህንንም በደብተራቸው ከጻፉ በኋላ የጠየቁኝ ስለ ፍሬኑ አልነበረም፤ "የፊት መስታወቷ ተቀይሮ ያውቃል?" አሉኝ። ጠጠር ሰንጥቆት ተቀይሮ ነበር።

ለዚህ ፍሬን መንገዱን የሚያየው ካሜራ ከመስታወቱ ጋር ተያይዞ ከውስጥ መመልከቻው ጀርባ ይቀመጣል። መስታወቱ ሲቀየር ካሜራው የሚያይበት አቅጣጫ በሰሌዳና በመሣሪያ እንደገና መለካት አለበት፤ የእኔ አልተለካም ነበር። ጋሼ ጠመኔ አንሥተው ወለሉ ላይ ከአንድ ነጥብ የሚነሡ ሁለት መስመሮች ሠሩልኝ። ካሜራው በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛባ በ100 ሜትር ርቀት ላይ የሚያየው ነገር በ1.75 ሜትር ቦታውን ይስታል፤ ይህም የአንድ መኪና መሄጃ መስመር ግማሽ ገደማ በመሆኑ ዳር የቆመው መኪና ፊት ለፊት የቆመ ሊመስለው ይችላል። የመለኪያው ሰሌዳና መሣሪያ እርሳቸው ዘንድ አልነበረም። "እኔ ይህን አልሠራም፤ መሣሪያው ያለው ሰው ዘንድ ሂጂ" ብለው የሚደረገውን በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፤ ለምክሩም አንድም ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ከመሄዴ በፊት የጎማዎቹን ንፋስ በሾፌር በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ልክ ሞሉልኝ፤ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለች ልኬቱም ይዛባልና። ካሜራውን ካስለካሁ ወዲህ መኪናዋ ያለ ምክንያት ፍሬን ይዛ አታውቅም። የማይችሉትን አልችልም ማለታቸው የሚችሉትን በሠሩበት ጥንቃቄ ላይ ያለኝን እምነት እጥፍ አድርጎታል።

የሻንሲ ቁጥሯንም እዚያው በአምራቹ መፈለጊያ ላይ እንድናስገባ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ቁጥሩን ሳነብላቸው "ኦ" ያልኩትን "ዜሮ ነው" ብለው አረሙኝ፤ 17 ምልክቶች ባሉት የሻንሲ ቁጥር ውስጥ ኦ፣ አይ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ከአኃዝ ጋር እንዳይምታቱ ጨርሶ አይገቡም። ባለቤት ሆኜ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ የማላውቀው የጥገና ጥሪ ወጣ፤ የነዳጅ ፓምፑ ውስጣዊ የፕላስቲክ ክንፍ እያበጠ ሊጣበቅና ሞተሩን በጉዞ ላይ ሊያጠፋ ስለሚችል በነፃ እንዲቀየር የወጣ ነበር። አስቀየርኩት። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ታሪክ ብቻውን ይህን ምርመራ ለማድረግ ይበቃል፤ ኤርባጉን በሚነፋው ክፍል ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት በዓመታት ሙቀትና እርጥበት ተበላሽቶ የብረት ስብርባሪ የሚረጭ በመሆኑ በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ኤርባጎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ የጥሪው ደብዳቤ ለቀድሞው ባለቤት ሊላክ ስለሚችል ራሱ ካልፈለገ ላያውቀው ይችላል።

ጉልበት ያለ ማስጠንቀቂያ መብራት መቀነሱን ለአምራቹ እንድጽፍ ያበረታቱኝም እርሳቸው ናቸው። ቀኑን፣ የተነዳችውን ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቱን፣ የዳገቱን ርዝመትና የዘይቱን ሙቀት ከደብተራቸው ገልብጬ ላክሁ። ጋሼ እንደሚሉት "መኪናው ችግር አለበት" የሚል ደብዳቤ ከብዙዎች ጋር ይቀበራል፤ ቀንና ቁጥር የያዘ ግን ከሌላ ሰው ቀንና ቁጥር ጋር ሊነጻጸር ይችላል። በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነትን የሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምርመራ ከሚከፍትባቸው መንገዶች አንዱ እንዲህ ያሉ የባለቤት አቤቱታዎች መመሳሰል ነው።

ቅሬታን የሚለዩበት መንገድም ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ። ፍሬን፣ መሪ፣ በጉዞ ላይ የሚጠፋ ሞተር፣ የነዳጅ ወይም የቃጠሎ ሽታ ካለ መኪናው ከቆመበት እንዳይነሣ ይላሉ። የኋላ ካሜራ ስክሪን መጥፋትን ወይም ባትሪ በአንድ ሌሊት መውረድን በሳምንት ውስጥ ያዩታል። የሞተር ዘይት ልክ ከምልክቱ በላይ መውጣት ግን ብዙ ሰው ችላ የሚለው እርሳቸው ግን የማያልፉት ነገር ነው፤ መለኪያውን መዝዘው ያሸቱታል። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ፣ በአጭር ጉዞ በቅጡ ሳይሞቅ የሚጠፋው ትንሽ ተርቦ ሞተር ነዳጅ ወደ ዘይቱ እያሳለፈ ነው ማለት ነው፤ ዘይት ሳይጨመር ልኩ ከፍ ካለ ደስ ሊለን አይገባም።

እርሳቸው ዘንድ የምትሄዱ ሰዎች ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። አይቸኩሉም፤ በተራ ነው የሚሠሩት፤ መኪናዬ ስድስት ቀን ቆይታለች። የሚቸኩል ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት። በሌላ በኩል የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በካርቶን አድርገው ያስረክባሉ፤ ሳያሳዩና ሳያስፈቅዱም አንድ ብሎን አይፈቱም።

ጋሼ፣ የተናገርኩትን አምነው ስለጻፉልኝ፣ ከዚያም ወርደው ስለመረመሩልኝ ከልብ አመሰግንዎታለሁ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አድራሻቸውን ለምትፈልጉ ፈቅደውልኛልና በግል ጻፉልኝ፤ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ችግሩ መቼ፣ በስንት ፍጥነት፣ ሞተሩ ሞቆ ወይስ ቀዝቅዞ ሳለ እንደሚመጣ ጽፋችሁ፣ የመጨረሻዎቹን የጥገና ወረቀቶች ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ነው።