በርካሽ የሚሸጠውን ርችት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ አንዴ

አምና ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ መርካቶ መንገድ ዳር ከዘረጋ ልጅ 4 ርችት በ300 ብር ገዛሁ፣ ሱቅ ከጠየቁኝ በግማሽ ይቀንሳል ብዬ ደስ ብሎኝ ነው ደሞ። ካርቶን የለው፣ የት እንደተሰራ የለው፣ ክሩ አጭርና እርጥበት የነካው ነገር። "ኦርጅናል ነው ብሮ አታስብ" አለኝ፣ አላሰብኩም።

ማታ የእህቴ ልጅ ለኮሰው፣ ዝም አለ። ከሸፈ ብሎ ጎንበስ ሲል ፊቱ ላይ ፈነዳ። 11 አመቱ ነው፣ የከሸፈ ርችት ጋ እንደማይቀረብ ማን ነግሮት፣ ጥፋቱ የኛ የትልልቆቹ ነው።

ከዛ ግርግር፣ አንዷ ጎረቤት የጥርስ ሳሙና አንዷ ቅቤ ይዘው መጡ፣ እኔም አስቀባሁት። ሀኪሟ ያንን ስትጠርግለት የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነበረባችሁ አለችን፣ በረዶም አይሆንም። የተቃጠለው ሰው ድምፁ ከጎረነነ ወይ የአፍንጫው ፀጉር ከተቃጠለ መተንፈሻው ሊያብጥ ስለሚችል ምንም ሳትሉ ሩጡ፣ አይን ከተመታም እንዳታሹት እንዳትጫኑት፣ ኩባያ ቢጤ ደፍታችሁበት ውሰዱት። አዲስ አበባ ላላችሁ ለቃጠሎ የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ለአይን ምኒልክ ሆስፒታል አለ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የኋላው ነው። ቁስሉ ዳነ ስንል ጠባሳው መኮማተር ጀመረ፣ የታችኛውን የአይኑን ቆብ ወደታች ጎትቶት ተኝቶም አይኑ በደንብ አይከደንም፣ ስለሚደርቅ ማታ ማታ ቅባት እናደርግለታለን ካልሆነ ብሌኑ ይቆስላል ተብለናል። የከንፈር ጥግ ሲሆን ደሞ አፍ ራሱ ይጠባል አሉ፣ እሱን እግዜር ጠበቀን። ጉንጩ ላይ ያሉት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ቆሻሻ መስለውኝ ነበር፣ ለካ ባሩዱ ነው፣ ቆዳ ውስጥ ገብቶ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታሽቶ ካልወጣ እንደ ንቅሳት ይቀራል። ቀርቷልም። አይኑ አሁን ቢያይም ግላኮማ (የአይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ ነርቩን የሚጎዳው በሽታ) ወይ የአይን ሞራ ከአመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል ስለተባለ በየጊዜው ቀጠሮ አለው። 300 ብር እኮ ነው ያተረፍኩት!

"እኔ ያቺን በሽቦ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትለዋን ነው ምገዛው" የምትሉ አላችሁ፣ እሷም 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዛም በላይ ትግላለች፣ ለህፃን በእጁ ይሰጣል እንዴ።

ሻጩን ፍለጋ ተመልሼ ነበር፣ የለም፣ እዛው ቦታ ሌላ ልጅ ያንኑ ዘርግቷል፣ ደረሰኝ የለኝ ማንን ልክሰስ። ዘንድሮም እየሸጡ ነው ትናንት ሳልፍ አይቻለሁ። የተረፉኝን 3ቱን ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድሬ ነው የጣልኳቸው።