የተበላ የቡሎን ጥርስ፦ ሄሊኮይል፣ ቡሺንግ፣ ታፕ ወይስ ሙጫ?

ቡሎኑ ዝም ብሎ የሚዞርና የማይጠብቅ ከሆነ፣ ሲወጣም በጥርሱ መሃል የሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ክር ይዞ ከመጣ፣ የተበላው ቀዳዳው ነው። ቡሎን በቀላሉ ይተካል። ቀዳዳው ያለው ግን ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል)፣ ሞኖብሎክ (ዋናው የሞተር አካል) ወይም ኮፓ (የታችኛው የዘይት መያዣ) ላይ ስለሆነ እዚያው መጠገን አለበት። መጠገኛ ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር ይወቁ፤ ብረቱ ምንድን ነው? ቀዳዳው ድፍን ነው ወይስ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚከፈት? ቡሎኑስ በየስንት ጊዜው ይፈታል? ምርጫው ከእነዚህ መልሶች ይወጣል።

የተጣመሙት የመግቢያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ጥርሶች ብቻ ከሆኑ ምንም መጠገኛ አይግዙ። ጥርስ ማስተካከያ ቼዘር ይበቃል። ቼዘር ብረት ሳይቆርጥ የተጣመመውን ገፍቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ተራ ታፕ (ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ) ግን ለመቁረጥ የተሠራ በመሆኑ የተረፈውን ጥርስም ሊልጠው ይችላል።

ሄሊኮይል

ከማይዝግ ብረት የተሠራ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ቀዳዳው ይሰፋል፣ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ ሽቦው ይገባል፤ ከዚያ የድሮው ቡሎን በራሱ ልክ ይታሰራል። በአልሙኒየም ላይ ላለ ኤም 6፣ ኤም 8 እና ኤም 10 ቀዳዳ (ቁጥሩ የቡሎኑ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው) ከዚህ የሚሻል ለቤት ሥራ የለም። ቡሎኑ የሚነክሰው ብረት ላይ ስለሆነ ጥገናው ከመጀመሪያው ጥርስ የበለጠ ሊጠነክር ይችላል።

ከ× በኋላ ያለው ቁጥር በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ነው። ለኤም 6 × 1 ፑንታው (የድሪሉ መብሻ) 6.3 ሚሊ ሜትር፣ ለኤም 8 × 1.25 ደግሞ 8.3 ወይም 8.4 ነው፤ ኪቱ ላይ የተጻፈውን ይከተሉ። ታፑ የሄሊኮይል ልዩ ታፕ መሆን አለበት። የተራ ኤም 8 ታፕ ለሽቦው የሚሆን ቀዳዳ አያወጣም፤ በጣም ይጠባል። የሽቦው ርዝመት ከቡሎኑ ውፍረት 1፣ 1.5 ወይም 2 እጥፍ ሆኖ ይሸጣል። ለአልሙኒየም ቀዳዳው ከፈቀደ 1.5 ወይም 2 እጥፉን ይውሰዱ፤ ለኤም 8 ማለት 12 ወይም 16 ሚሊ ሜትር ነው።

ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሲበሳ ነው። ድሪሉ ከተንጋደደ ቡሎኑም ተንጋዶ ይገባል፤ ስለዚህ በሁለት አቅጣጫ በስኳድራ ይለኩ። አልሙኒየም ላይ ታፑን በነጭ ጋዝ ያርጥቡ፣ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ ያዙሩ። ሽቦው ከፊቱ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ጠልቆ መቆም አለበት። ከላይ ብቅ ካለ ቡሎኑ ይዞት ይወጣል። በመጨረሻ ከታች ያለችው ጭራ በመምቻ ትሰበራለች። ዘልቆ በሚከፈት ቀዳዳ ይህቺ ጭራ ሞተር ውስጥ ልትወድቅ ትችላለች፤ የሄሊኮይል ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው።

ቡሺንግ

ታይም ሰርት በሚባለው ስም የሚታወቀው ዓይነት ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለው ድፍን ቀለበት ነው። ከላይ ትንሽ አንገት ስላለው ጠልቆ አይወርድም። ማስገቢያው በዘይት ተቀብቶ ሲዞር የቡሺንጉን የታች ጥርሶች ወደ ውጭ ያሰፋቸውና ይቆልፈዋል፤ ስለዚህ ቡሎኑ በተፈታ ቁጥር አብሮ አይወጣም። የሚሰበር ጭራም የለውም። ኪቱ ከሄሊኮይል በጣም ይወደዳል፤ እንደ ልኩም ለየብቻ ነው የሚሸጠው። ቢሆንም ለካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው) እና ለዘይት ማውጫ ቀዳዳ ገንዘቡ ተገቢ ነው፤ ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን የሚፈቱና የሚታሰሩ ናቸው።

በልክ ከፍ ማለት

ኤም 8ን ወደ ኤም 10 × 1.5 ማሳደግ ርካሽ ነው፤ 8.5 ፑንታና ተራ ታፕ ይበቃሉ። ግን ከላይ የሚታሰረው ዕቃ ቀዳዳም መስፋት አለበት፣ በዙሪያው ያለው ግድግዳም ይሳሳል። በቀዳዳው ጠርዝ የቀረው ብረት ቀጭን ከሆነ ይተዉት።

ሙጫ

ሁለት ቅልቅል የጥርስ መሙያ ሙጫ ለፕላስቲክ ሽፋን ማሰሪያና ቀላል ጫና ላለበት ኤም 6 ብቻ ይግዙ። ለፍሬን፣ ለመሪ፣ ለቴስታታ ቡሎንና ለካንዴላ በፍጹም አይሆንም።

የዘይት ማውጫውና ካንዴላው

በብዙ የቶዮታ ሞተሮች የዘይት ማውጫው ኤም 12 × 1.25 ነው። በመጀመሪያ ማግኔት ያስጠጉ። ካልያዘ ኮፓው አልሙኒየም ነው፤ ቡሺንግ ይስማማዋል። ከያዘ ላሜራ ነው፤ ጥርሱም ያለው ላሜራው ላይ በተበየደ ዳዶ (ቡሎን የሚታሰርበት ባለጥርስ ቀለበት) ውስጥ ነው። ዳዶው ቀጭን ስለሆነ ሰፍቶ ቡሺንግ መያዝ ይቸግረዋል። ኮፓውን አውርዶ ማጠብና አዲስ ዳዶ ማስበየድ፣ ወይም ኮፓውን መለወጥ ይሻላል። እየቆረጠ የሚገባው ወፍራም ቡሎን ቶሎ ያደርሳል፤ ነገር ግን ፍቅፋቂውን ወደ ዘይቱ ይጥላል፣ ተንጋዶ ከገባም ያፈስሳል።

የካንዴላ ቀዳዳ ኤም 14 × 1.25 ከሆነ ያው ቡሺንግ ይመረጣል። ርዝመቱን ከካንዴላው ጥርስ ጋር ያመሳስሉ፤ ብዙ ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር ነው። የታፑን ጉድጓዶች ግራሶ ይሙሏቸው፣ በየጥቂት ዙሩ አውጥተው ይጥረጉ። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ክፍት እስኪሆን ሞተሩን በእጅ ካዞሩ በኋላ በካንዴላው ቀዳዳ በኮምፕሬሰር አየር ይንፉ፤ የቀረው ፍቅፋቂ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ንጹሕ መሆኑን ሳያረጋግጡ ሞተሩን አያስነሱ።

የጎማ ቡሎን ግን መጠገኛ አይገዛለትም፤ ቡሎኑም ዳዶውም በአዲስ ይለወጣሉ።

ሲገዙ

ሣጥኑን ይክፈቱ። ፑንታው፣ ታፑ፣ ማስገቢያውና ሽቦዎቹ ሁሉም መኖራቸውን ይዩ፤ አንዳንዱ ኪት ያለ ፑንታ ይሸጣል። ኤም 10 ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፣ 1.25 ነው ወይስ 1.5 የሚለው መታወቅ አለበት። ደህናውን ቡሎን ይዘው ይሂዱና በጥርስ መለኪያ ያስለኩ። ትልቁ ባለብዙ ልክ ሣጥን ርካሽ ቢመስልም ታፖቹ ለስላሳ ከሆኑ አልሙኒየም ውስጥ ይሰበራሉ፤ የተሰበረ ታፕ ማውጣት ደግሞ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። ለአንድ ቀዳዳ አንድ ጥሩ ባለነጠላ ልክ ኪት ይሻላል።

የዘይት ማውጫውን ጠግነው ሲጨርሱ ቡሎኑን ሳይዘጉ ግማሽ ሊትር ዘይት ከላይ አፍስሰው ፍቅፋቂውን ያስወጡ። ከዚያ በአዲስ ሮንዴላ፣ ለመኪናው በተጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁት።