ባለ 9 ኢንች ፊን ከስምንት ወር በኋላ፦ ገንዘቤ የት ሄደ፣ ለውጡስ ከየት መጣ?

ባለፈው ኅዳር፣ የሲግድ በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ውስጥ ከአንድ ሰው ላይ ያገለገለ ሎንግቦርድ፣ ማለትም ማዕበል ላይ ቆመው የሚጋልቡበት ረጅም የሰርፍ ሰሌዳ ገዛሁ። ዘጠኝ ጫማ ከሁለት ኢንች ነው። እኔ 68 ኪሎ ነኝ፣ ዕድሜዬ አርባን ዘሏል፣ ሰርፍ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ይህን የምነግራችሁ ነገሩ ለማን እንደሚሠራ እንድታውቁ ነው፤ ስለ ፊን የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኪሎውን ሳይናገር ነው ምክር የሚጀምረው።

ፊን ማለት ከቦርዱ ሥር፣ በጅራቱ በኩል የሚተከለው የዓሣ ክንፍ የመሰለ ነገር ነው። ከቦርዱ ጋር የመጣልኝ ባለ 10 ኢንች ደረቅ ፕላስቲክ ነበር። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አይካድም። ላዙርህ ስትሉት ግን የተጫነ ሲኖትራክ ነው። ማዕበሉ ወደ ቀኝ ሲከፈት እኔ ቀጥታ ወደ አሸዋው። የዚህ አገር ማዕበል ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ነፋስ የወለደው አጭር ማዕበል ስለሆነ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል፣ ቶሎ ካልዞራችሁ አለቀ።

ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ቦርዱን ሳያይ፣ ፊኑን የት ቦታ ላይ እንዳሰርኩት ሳይጠይቅ፣ "ፊንህ ትልቅ ነው" አለና ባለ 9 ኢንች ፋይበርግላስ አወጣልኝ። 290 ሸቀል። ስንዝር ለምታህል ነገር! ሆዴን እየቆረጠኝ ከፈልኩ። ቤት ወስጄ አሮጌው በነበረበት ቦታ፣ ማለትም የቦክሱ (ቦርዱ ሥር ፊኑ የሚገባበት ረጅም ቦይ) መጨረሻ ድረስ ወደ ኋላ አስጠግቼ አሰርኩት። ልዩነት አለው? ትንሽ አለው። ከሲኖትራክ ወደ አይሱዙ ወረድኩ እንበል።

አንድ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ ቦርዴን ገልብጬ ሰም ስፍቅ አንድ የኛው ልጅ መጣ። ሕፃናት ሰርፍ ያስተምራል። እዚሁ የተወለደ ስለሆነ አማርኛው ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፣ አንቱታውን ግን እናቱ በደንብ አስተምራዋለች። ፊኑን አየት አደረገና፣ "ጋሼ፣ ይሄን ለምን መጨረሻ ላይ አደረጉት?" አለኝ።

"እንዲይዝ ነዋ።"

"ይዟል እኮ። እርስዎን ነው የያዘዎት።"

ካቻቢቴ ተቀበለኝና ሁለት ጣት ወደ ፊት ገፋው። ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል ቢሆን ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ቦርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ አዞርኩት። 290 ሸቀሌ ያላመጣውን ለውጥ ካቻቢቴ አመጣው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፊኑን ቦርዱ የሚሽከረከርበት ምሰሶ አድርጋችሁ አስቡት። ወደ ኋላ ሲርቅ ቦርዱ መስመሩን አይለቅም፣ ጅራቱ ውኃውን ነክሶ ይይዛል፤ ወደ ቦርዱ አፍንጫ እየተራመዱ መቆም የሚወዱ ሰዎችም ለዚህ ነው ወደ ኋላ የሚያደርጉት። ወደ ፊት ሲመጣ ለኋላ እግራችሁ ይቀርባል፣ ቦርዱም በትንሽ ግፊት ይዞራል። ወደ ፊት ከበዛ ግን ጅራቱ ይንሸራተታል። ይህን በጎድን አጥንቴ ነው የተማርኩት። ጥር ላይ "እስቲ እስከ መጨረሻው ልግፋው" ብዬ ጫፍ ድረስ ወስጄው፣ ከራሴ በላይ በሆነ ማዕበል ላይ ጅራቱ ከዳኝና ቦርዱ ላይ ወደቅኩ። ሁለት ሳምንት ስስቅ ያመኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ጣት በላይ አላንቀሳቅስም። አንድ ቦታ ላይ ቢያንስ ሦስት ቀን እገባበታለሁ፣ ምክንያቱም የአንድ ቀን ማዕበል ይዋሻል። አሁን ቦክሱ ዳር ላይ በማርከር ሁለት መስመር አለኝ፤ የኋለኛው ለክረምት ትልቅ ማዕበል፣ የፊተኛው ለበጋዋ ጉልበት ለምታክል ማዕበል።

ማሰሩን በተመለከተ። እንደኔ ዓይነቱ ረጅም ቦክስ ውስጥ ከፊኑ በኋላ በኩል ያለችው ዘንግ መሐል ባለው ክፍተት ገብታ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፣ ከፊት ደግሞ ብሎኑን የምትይዝ ትንሽ ካሬ ብረት አለች። ሰውን የምታስለቅሰው ይህቺ ብረት ናት። ቦይው ውስጥ ገብታ ትጣመማለች፣ አሸዋ ካለ አትነቃነቅም። መላው ይኸው፦ ብሎኑን በብረቷ ላይ ትንሽ አዙራችሁ አስገቡና እንደ እጀታ ይዛችሁ የምትፈልጉት ቦታ ድረስ ጎትቷት፣ ከዚያ ብሎኑን ፈትታችሁ ፊኑን አስቀምጡ። ይህን ሳላውቅ አንዷን መኪና ማቆሚያው አሸዋ ውስጥ ጥያለሁ። አሁን መለዋወጫዋ ከሳንቲም ቦርሳዬ አይጠፋም።

ቦርዴ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ፊኖችም ይቀበላል። ለአንድ ሳምንት ሙሉ ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ አድርጌ ገብቻለሁ፣ አትሳቁ። የጎን ፊን አንዱ ገጹ ጠፍጣፋ ነው፣ እሱ ወደ ውስጥ ነው መዞር ያለበት። ሁለቱ ሲገቡ፣ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ በሚነሳበት ቀን ጥሩ ይይዛሉ፣ በደካማ ቀን ግን ውኃውን ይጎትታሉ። ከሚያዝያ ወዲህ አውጥቻቸዋለሁ። ሳይመን አንደርሰን የሚባለው አውስትራሊያዊ በ1981 አውስትራሊያ ውስጥ ቤልስ ቢች ላይ በተደረገ ውድድር ባለ ሦስት ፊን ቦርድ ይዞ ሲያሸንፍ ለኃይለኛ ማዕበልና ለአጭር ቦርድ ነበር፤ እንደኔ ላለ ሰው፣ ጉልበት ለምታክል ማዕበል መሐል ያለችው አንዷ ትበቃለች። ደግሞ ሰዎች ያለ ፊን እስከ 1935 ድረስ ሰርፍ ሲጫወቱ ኖረዋል፤ ያኔ ነው ቶም ብሌክ የሚባል አሜሪካዊ ሰርፈኛ ሃዋይ ውስጥ ከተጣለ ጀልባ ላይ የነቀለውን ቁራጭ ቦርዱ ሥር የገጠመው።

ቅርጹ? የኔ መካከለኛ ነው። ወደ ኋላ በጣም የተጋደመ ፊን ሰፊና ረጅም ዙር ይወዳል፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ባለበት ይሽከረከራል። የኔን ፊን ጫፉን በጣት ስትገፉት ትንሽ ይጎብጣል፣ ከዙር ስትወጡም መልሶ ይገፋችኋል። ፕላስቲኩ ይህ አልነበረውም፣ ስለዚህ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ውኃ በላው አልልም።

ከስምንት ወር በኋላ ፊኑ ራሱ ደህና ነው። ድንጋይ ነክቶ ጫፉ ተሸርፏል፣ በሻካራ ወረቀት አስተካከልኩት። የኋላ ጠርዙ ስለት ነበር፣ ጭኔን ከቆረጠኝ በኋላ እሱንም ትንሽ አደነዝኩት። ያበሸቀኝ አብሮ የመጣው ብሎን ነው። በሦስተኛው ወር ዛገ፣ ራሱ ተበላ፣ ካቻቢቴ አልይዝ አለና በፒንሳ ነው ያወጣሁት። በዚያ ዋጋ የማይዝግ ብሎን አለመስጠት ነውር ነው። የብረታ ብረት ሱቅ ገብቼ በጥቂት ሸቀል የማይዝግ ገዛሁ፣ ከባሕር ስወጣም በንጹሕ ውኃ አጥባለሁ፣ እስካሁን ይኸው አለ።

ከ60 እስከ 75 ኪሎ ከሆናችሁና ቦርዳችሁ ዘጠኝ ጫማ አካባቢ ከሆነ ባለ 9 ኢንቹ ይስማማችኋል። ከዚያ በላይ ከከበዳችሁ ባለ 10ሩ አይጎዳችሁም። እንዲያውም የኔ አሮጌ ፕላስቲክ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል፣ አሽዶድ ያላችሁ ኑና በነጻ ውሰዱት። ብሎን ግን የለውም።