ዊንች ለአሮጌ ላንድክሩዘር፦ ተገጣጣሚ መቀመጫ ወይስ ጅማ የተበየደ?

በክረምት ከጅማ ወጥቶ ወደ ቡና ገጠር የሚገባ ሰው ቀዩን ጭቃ ያውቀዋል። ለአሮጌ ላንድክሩዘር ዊንች፣ ማለትም ጭቃ የያዘውን መኪና በገመድ ጎትቶ የሚያወጣው ማሽን፣ ቅንጦት አይደለም። ጥያቄው ዊንቹ መኪናው ፊት ላይ የሚታሰርበት መቀመጫ ላይ ነው።

ከውጭ የሚመጣው ተገጣጣሚ ለመኪናው ሞዴል ተለክቶ የተሠራ ነው። ሻንሲው ላይ በብሎን ይታሰራል፣ ሲያስፈልግም ይፈታል። ዋጋው ግን ይከብዳል፣ መምጫውም ይቆያል። ፊቱ ተመትቶ የተቃና መኪና ላይ ደግሞ ቀዳዳው አልገጥም ሊል ይችላል።

ጋራዥ የሚበየደው በመኪናው ልክ ይወጣል፣ ኪስም አይጎዳም። ግን ብረቱን እዩልኝ! ስስ ላሜራ ከሆነ ዊንቹ ራሱ ያጣጥፈዋል፤ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ይሁን። ፓራውልቱ ላይ ብቻ ማሰርማ ጉድ ነው፤ ጉተታው ሻንሲው ላይ ማረፍ አለበት። ሻንሲውን ራሱን መበየድም አልወድም፣ ሙቀቱ ብረቱን ያዳክመዋል። መቀመጫው ይበየድ፣ ከሻንሲው ጋር ግን ጭንቅላቱ ላይ 8.8 (የጥንካሬው ደረጃ) የተጻፈበት ብሎን ያገናኘው።

የትኛውንም ብትመርጡ የራዲያተሩ አየር እንዳይዘጋ። የዊንቹ አቅምም ከነጭነቱ የመኪናው ክብደት 1.5 እጥፍ ይሁን፤ ለ3 ቶን 4.5 ቶን ማለት ነው።

እኔ? ሻንሲው ያልተነካ ከሆነ ተገጣጣሚውን። ከተቃና ግን የጋራዡን፣ ብረቱን ራሴ መርጬ።