«ማሽን ሄድ»ን በየትኛው ቅጂ እንግዛ? ሸክላው፣ የ1997ቱ ሲዲ፣ ሳጥኖቹ ወይስ ስልካችን

የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የዲፕ ፐርፕልን «ማሽን ሄድ» አልበም ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ግራ መጋባት ነው። አልበሙ አንድ ነው። ዘፈኖቹ ሰባት ናቸው፤ ሁሉም ተደምረው 37 ደቂቃ ተኩል አካባቢ ቢሆኑ ነው። ገበያ ላይ ያለው ቅጂ ግን መዓት ነው። የድሮው ሸክላ አለ። 25ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ የወጣ ድርብ ሲዲ አለ። የ40ኛ ዓመት ሳጥን አለ። በ2024 የወጣ ሌላ ትልቅ ሳጥን አለ። ስልክ ላይ ደግሞ ሁሉም ተደባልቆ ይገኛል። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ድምፃቸው አንድ አይደለም። እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ አልበሙን መጀመሪያ የሰማሁት ከሰው በተቀዳ ካሴት ነው። ካሴቱ የ60 ደቂቃ ስለነበር አንዱ ፊት የሚይዘው 30 ደቂቃ ብቻ ነው። «ሌዚ» የተባለው ዘፈን መሃሉ ላይ ቀጭ ብሎ ይቋረጣል። ካሴቱን ገልብጬ ማጫወቻውን ስጫን ቀሪው ይቀጥላል። ዛሬ ሙሉውን ስሰማ እንኳ እዚያ ቦታ ስደርስ ጆሮዬ ያንን መቋረጥ ይጠብቃል።

ቅጂ ከመምረጣችሁ በፊት አልበሙ እንዴት እንደተቀዳ ብታውቁ ይጠቅማችኋል። በ1971 ዲሴምበር ላይ አምስቱ የባንዱ አባላት ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ሞንትሮ ሄዱ። ሐሳባቸው የከተማው ካሲኖ ውስጥ መቅዳት ነበር። ዲሴምበር 4 ቀን እዚያው ካሲኖ አሜሪካዊው ሮክ ሙዚቀኛ ፍራንክ ዛፓ ከራሱ ባንድ ጋር እየተጫወተ ሳለ፣ ከተመልካቹ መሃል አንዱ የምልክት ሽጉጥ ወደ ጣሪያው ተኮሰ። ሕንፃው ተቃጠለ። ጭሱ በሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ አዩት። «ስሞክ ኦን ዘ ወተር» («ጭስ በውሃ ላይ») የተባለው ዘፈን የተወለደው ከዚያ ነው።

ካሲኖው ከተቃጠለ በኋላ ፓቪሊዮን ወደሚባል ቲያትር ገቡ። የዚያን ዘፈን ሙዚቃ ቀድተው ሳይጨርሱ ጩኸቱ ሰፈሩን ረበሸና ፖሊስ መጣባቸው። በመጨረሻ ያረፉት ግራንድ ሆቴል ነው። ሆቴሉ ለክረምት ተዘግቶ ጭር ብሏል። ኮሪደሩን በፍራሽ እየሸፈኑ መቅጃ ቦታ አደረጉት። የመቅጃ መሣሪያው ያለው ውጭ በቆመ መኪና ውስጥ ነው፤ መኪናው የሮሊንግ ስቶንስ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ነበር። የቀዱትን መልሰው ለመስማት ክፍሎችንና በረንዳዎችን እያቋረጡ በብርዱ መውጣት ነበረባቸው። ስለሰለቻቸው መሄዱን ተዉት። «ይሄ ደህና ወጣ» እስኪሉ ድረስ ይጫወቱና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የድምፅ መሐንዲሱ ማርቲን በርች ነበር። ሥራው ከዲሴምበር 6 እስከ 21 ባለው ጊዜ አለቀ፤ አልበሙ በ1972 ማርች ወጣ።

ይህን ያነሳሁት መመዘኛዬ ከዚህ ስለሚመጣ ነው። ለእኔ ጥሩ ቅጂ ማለት አምስት ሰዎች ብርድ በበዛበት ባዶ ሆቴል፣ አንድ ኮሪደር ውስጥ ተጠጋግተው ሲጫወቱ የሚያሰማኝ ነው። ድምፁ የጠራና የጎላ መሆኑ ብቻውን አይበቃኝም።

መፈተኛዬ የ«ስሞክ ኦን ዘ ወተር» መግቢያ ነው። ሪቺ ብላክሞር በጊታሩ ብቻውን ይጀምራል። ቀጥሎ የኢያን ፔይስ ሃይሃት (የድራሙ ጥንድ ጸናጽል) እና የጆን ሎርድ ኦርጋን ይገባሉ። ከዚያ የቀረው ድራም ይከተላል። መጨረሻ ላይ የሮጀር ግሎቨር ቤዝ፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር፣ ይገባል። ቤዙ ሲገባ ወለሉ ከእግራችሁ ስር የተነሳ ያህል ከተሰማችሁ ቅጂው ጥሩ ነው። «አሃ፣ ቤዝም አለ ለካ» ብላችሁ ካለፋችሁት ግን ሌላ ፈልጉ። አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ሸክላው

ሸክላ ማጫወቻ ላለው ሰው የድሮው ሸክላ አሁንም የሚስተካከለው የለም። ናፍቆት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ምክንያት አለኝ። አልበሙ የተሠራው ለሁለት ፊት ነው። አንደኛው ፊት በ«ሃይዌይ ስታር» ተነስቶ በ«ኔቨር ቢፎር» ያልቃል፤ 20 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ትነሳላችሁ፣ ሸክላውን ትገለብጣላችሁ፣ መርፌውን ታስቀምጣላችሁ። ጥቂት ጭርታ። ከዚያ ያ የታወቀ የ«ስሞክ ኦን ዘ ወተር» የጊታር ዜማ ይጀምራል። ሲዲ ላይ ይኸው ዜማ ከቀደመው ዘፈን በኋላ ከሁለት ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ይመጣና ግርማው ይቀንሳል።

ሽፋኑም በትልቁ ሲታይ ሌላ ነገር ነው። እንደ መስታወት የተወለወለ ብረት ላይ ስሙ ተመትቶ ገብቷል፤ የአባላቱ ምስል በብረቱ ላይ ተለጥጦና ተጣሞ ይታያል። ሲከፈት ውስጡ ትናንሽ ፎቶዎች አሉ። ክሎድ ኖብስም እዚያ አለ። የሞንትሮ ጃዝ ፌስቲቫል መሥራችና በዚያ እሳት ወቅት ወጣቶችን ሲያስወጣ የነበረው፣ በዘፈኑ ውስጥም ስሙ የሚነሳው ሰው ነው። ሲዲ ላይ እሱን ለማየት ዓይናችሁን ማጥበብ አለባችሁ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ግን አንድ ምክር ልስጣችሁ። ከአንድ ሱቅ «እንደ አዲስ ነው» ተብዬ የገዛሁት ሸክላ ነበር። የመጀመሪያው ፊት ንጹህ ነው። ገልብጬ «ስሞክ ኦን ዘ ወተር»ን ሳስጀምር እንደሚቆላ ቡና ይንጣጣል። ለካ የቀድሞው ባለቤት ያንን ዘፈን ብቻ ደጋግሞ ሲያጫውት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው ያገለገሉ ቅጂዎችም አብዛኞቹ የተጎዱት እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ሸክላውን መብራት ስር ዘንበል አድርጋችሁ የሁለተኛውን ፊት ውጨኛ ጠርዝ እዩ። እዚያ ላይ ግራጫ ሆኖ የደበዘዘ ቀለበት ካለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አትግዙ። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ያገለገለ ሸክላ የሚሸጡ ሱቆች ገብታችሁ በእጃችሁ አገላብጣችሁ ግዙ። አዲስ አበባ ሆናችሁ በሰው የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ለሚያመጣላችሁ ሰው ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ እንዲያየው ንገሩት፤ ሻንጣ ውስጥም ልብስ መሃል በጠፍጣፋው ይቀመጥ።

የ1997ቱ ድርብ ሲዲ

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ይህን ነው። ሁለት ዲስክ አለው። አንዱ የመጀመሪያው ሥራ ሪማስተር ሆኖ ነው፤ ማለትም በ1972 ያለቀው ሚክስ (የመሣሪያዎቹ ድምፅ ሚዛን) እንዳለ ሆኖ ድምፁ ጸድቶና ተስተካክሎ። ሌላው ሪሚክስ ነው። ቤዝ ጊታሪስቱ ሮጀር ግሎቨር ራሱ፣ ከ25 ዓመት በኋላ፣ መሣሪያዎቹ ለየብቻ የተቀዱበትን ቴፕ አውጥቶ ሚዛናቸውን እንደ አዲስ አደላደለው።

የሁለቱ ልዩነት ለገዢ ትልቅ ነው። ሪማስተር የድሮውን ፎቶ አቧራ ጠርጎ እንደማሳየት ነው። በሪሚክስ ግን ማን ፊት ይቁም፣ ማን ኋላ የሚለው ሁሉ ይቀየራል። በዚህ ቅጂ ሁለቱንም በአንድ ግዢ ስለምታገኙ ራሳችሁ አወዳድራችሁ መፍረድ ትችላላችሁ።

የግሎቨር ሪሚክስ ላይ ዘፈኖቹ ይረዝማሉ። በመጀመሪያው አልበም ድምፁ እየቀነሰ የሚጠፋበት ቦታ ላይ እዚህ ባንዱ መጫወቱን ይቀጥላል። «ስሞክ ኦን ዘ ወተር» ብቻውን ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይጨምራል። አልበሙን አሥር ጊዜ ለሰማ ሰው ይህ ደስታ ነው፤ ሁልጊዜ የሚዘጋ በር አንድ ቀን ገርበብ ብሎ እንደማግኘት። ለጀማሪ ግን መጀመሪያ የሚሰማው ይህ ባይሆን እመርጣለሁ። ያ ዘፈን መቼ እንደሚያልቅ ሳታውቁ ተጨማሪው ምን እንደሆነ አይገባችሁም።

ስለ ኦርጋኑ አንድ ነገር ልጨምር። በዋሊያስ ባንድ ውስጥ የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን ስንሰማ ላደግን ሰዎች ወደ ዲፕ ፐርፕል መግቢያው ቀላል በር ጆን ሎርድ ነው ብዬ አምናለሁ። ኃይሉ ኦርጋኑን ያለሰልሰዋል። ሎርድ ሃሞንድ ኦርጋኑን በጊታር ማጉያ በኩል አሳልፎ ያስገሳዋል። የ«ሌዚ»ን መግቢያ ስሙ። ብቻውን ነው፤ አንዴ ይንደረደራል፣ አንዴ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። የ1997ቱ ሪማስተር ላይ ያ ድምፅ ሻካራነቱ ሳይለሰልስ ይሰማል። ሲዲው የሚገባውን ዋጋ የሚያገኘው ለእኔ እዚያ ጋ ነው።

ሳጥኖቹ

የ2012ቱ የ40ኛ ዓመት ሳጥን አራት ሲዲና አንድ ዲቪዲ አለው። የግሎቨር ሪሚክስ እዚህም ተካቷል። አዲስ የሚሆንባችሁ ለአራት ስፒከር የተዘጋጀው የድሮ ሚክስና በ1972 ለቢቢሲ የተቀዳው የመድረክ ዝግጅት ነው። ያ ዝግጅት የተቀዳው አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ስለሆነ፣ ዘፈኖቹ ገና አዲስ ሆነውባቸው ሲጫወቱ ትሰማላችሁ። በደህና ዋጋ ካገኛችሁት ውሰዱት፤ ፍለጋ አትውጡለት።

የ2024ቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሦስት ሲዲ፣ አንድ ሸክላና አንድ ብሉ ሬይ ይዟል። አዲሱን ሪሚክስ የሠራው ድዊዝል ዛፓ ነው። የፍራንክ ዛፓ ልጅ! አባቱ መድረክ ላይ እያለ በተነሳ እሳት ምክንያት የተወለደውን ዘፈን ልጁ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደ አዲስ አደላደለው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ቆሜ ቀረሁ።

ስሜቱ እንዳለ ሆኖ ስለ ድምፁ ያለኝን ልናገር። የድዊዝል ሪሚክስ ዛሬ የተቀዳ ይመስላል። ድራሙ ሰፊ ነው፣ እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ ቦታ ቆሟል፣ ሁሉም ጥርት ብሏል። የኢያን ፔይስን እጅ መከታተል ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይ ድራም ለሚማር፣ ትምህርት ቤት ነው። ለእኔ ግን ኮሪደሩ ጠፍቶብኛል። አምስቱ ሰዎች እርስ በርስ የተራራቁ ይመስለኛል። የድሮውን የሚያውቅ ሰው ከድሮው ጎን ለጎን ቢሰማው ይወደዋል፤ ለብቻው የማሽን ሄድ ምትክ አድርጎ መግዛቱን ግን አልመክርም።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ብሉ ሬይ ማጫወቻ እንዳላችሁ አስቡ። በዙሪያችሁ ለሚያሰማው የዶልቢ አትሞስ ድምፅ የሚሆኑ ስፒከሮችስ? ሁለቱም ከሌሏችሁ የከፈላችሁበት ግማሹ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሸክላ የትኛውን ሚክስ እንደያዘም ሽፋኑ ላይ አንብባችሁ እወቁ።

የመድረክ ቅጂ ነው የምፈልገው ለሚል ደግሞ ከሳጥን በፊት «ሜድ ኢን ጃፓን» ይሻለዋል። በ1972 ኦገስት በኦሳካና በቶኪዮ በሦስት ምሽት የተቀዳ ነው። ከሰባቱ አራቱን እዚያ ታገኛላችሁ። ስቱዲዮ ውስጥ አራት ደቂቃ ተኩል የሆነው «ስፔስ ትራኪን» እዚያ 20 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል።

ስልክ

አብዛኞቻችን የምንሰማው በስልክ ነው፤ ምንም ነውር የለውም። ችግሩ የትኛው ቅጂ እየተጫወተ እንደሆነ አለማወቃችን ነው። መለያ ልንገራችሁ። የ«ስሞክ ኦን ዘ ወተር»ን ርዝመት እዩ። 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አካባቢ ከሆነ ከመጀመሪያው ሚክስ ጋር ናችሁ። ከ6 ደቂቃ ካለፈ ግን የሚጫወተው ሪሚክስ ወይም የመድረክ ቅጂ ነው። ሌላው ነገር፣ ዘፈን የሚያዘበራርቀውን ምልክት አጥፉት። ሰባቱ በተራቸው ይሂዱ። የስልኩን ስፒከር ትታችሁ የጆሮ ማዳመጫ ተጠቀሙ፤ በስልክ ስፒከር ግሎቨር ጭራሽ የለም።

በነፃ ወይም በወርሃዊ ክፍያ መጀመሪያ በስልክ ሰምታችሁ፣ ከዚያ ሲዲ ማጫወቻ ያለው የ1997ቱን፣ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ያልተጎዳ ሸክላ ቢገዛ ደስ ይለኛል። መኪናቸው ውስጥ ሲዲ የሚያጫውቱ ደግሞ «ሃይዌይ ስታር» ላይ ነዳጅ መስጫውን ሳያስቡት እንዳይረግጡ ይጠንቀቁ፤ ከምሬ ነው።

አንድ የቀረ ዘፈን አለ። «ዌን ኤ ብላይንድ ማን ክራይስ» ይባላል። በዚያው ጊዜ ተቀድቶ አልበሙ ላይ ሳይገባ ቀረ፤ የወጣው የ«ኔቨር ቢፎር» ነጠላ ሸክላ ጀርባ ላይ ነው። ቀስ ያለ፣ ያዘነ ዘፈን ነው። ኢያን ጊላን ጩኸቱን ትቶ እንደሚያወራ ሰው ይዘፍንበታል። የ1997ቱ ሲዲ ላይ ተጨምሯል፣ የድሮው ሸክላ ላይ የለም። ሸክላው ቤቴ እያለ ያንን ሲዲ ለማንም የማልሰጠው በዚህ ዘፈን ምክንያት ነው።