ደብረ ብርሃን ውስጥ «ኦሪጅናል ጌም» ከነአካውንቱ የምትገዙ ሁሉ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ዛሬ ጌሙን ከሸጠልኝ ሱቅ እንደተመለስኩ ነው፤ ንዴቴ ገና አልበረደም። በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ የሌለን ሰዎች ኦሪጅናል ጌም ስንፈልግ የምናደርገውን ታውቃላችሁ፤ ብሩን በቴሌብር እናስገባለን፣ የሱቁ ልጅ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ላይ አካውንት ከፍቶ ይገዛልናል፣ የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጠናል። እኔም ሲቲስ ስካይላይንስ 2ን የገዛሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ጌም የምጫወተው አልፎ አልፎ፣ ከሥራ መልስ ነው። ይህ የከተማ ግንባታ ጌም በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የወጣ፣ ኮሎሳል ኦርደር የተባለው የፊንላንድ ድርጅት የሠራው ሲሆን፣ 60 ጊጋባይት ቦታ የሚፈልግና ኮምፒውተርን የሚያስጨንቅ ነው፤ ሠሪዎቹም ያሰቡትን ያህል እንዳልፈጠነላቸው ገና ሳይወጣ በይፋ ተናግረዋል። ሌሊት ሌሊት እያወረድኩ ጨርሼ ስከፍተው ግን በጣም ወደድኩት። መንገድ ሲዘረጋ የመብራት መስመሩና የውኃ ቱቦው አብረው ይገባሉ፤ አስፋልት ከፈሰሰ በኋላ መንገዱ ለቱቦ ተመልሶ ሲቆፈር ለምናይ ሰዎች ይህ ብቻውን ያስደስታል። የውኃ መሳቢያው ከወንዙ ላይኛው በኩል፣ የፍሳሽ መውጫው ከታችኛው በኩል መሆን አለበት፤ ያቀያየረ ሰው ነዋሪዎቹን የተበከለ ውኃ አጠጥቶ ያሳምማቸዋል። የነፋስ ማመንጫዬን ተክዬ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሲቆሙ እያየሁ መብራት ጠፋ።

በማግሥቱ ማታ ስቲምን ስከፍት የማጫወቻው ቁልፍ ጠፍቶ በቦታው የመግዣ ቁልፍ ተተክቷል። የአካውንቱን የግዢ ዝርዝር ከፈትኩ። ከላይ የጌሙ ስም፣ አጠገቡ «ገንዘቡ ተመልሷል» የሚል መስመር፣ በትይዩው ሙሉው ዋጋ ተጽፏል። ስቲም አንድ ጌም ከተገዛ 14 ቀን ካልሞላውና ጨዋታው ከ2 ሰዓት በታች ከሆነ፣ ሲጠየቅ ገንዘቡን ይመልሳል። አካውንቱ የተከፈተው በልጁ ኢሜይልና ስልክ ነውና፣ እኔ ሁለት ሰዓት ሳልሞላ ጠይቆ የእኔን ገንዘብ ለራሱ አስመልሶታል ማለት ነው። መስመሩን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ገና ቀና ሳልል ስቲም አስወጣኝ፤ የይለፍ ቃሉም ተቀይሯል። የጀመርኩት ከተማ ፋይል አሁንም ላፕቶፔ ላይ ተቀምጧል፤ የምከፍትበት ጌም ግን የለኝም።

ዛሬ ስሄድ፣ ያን ዕለት «ወንድሜ ግባ፣ ቁጭ በል» እያለ የተቀበለኝ ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም። ፎቶውን ሳሳየው እጄን በመዳፉ ጀርባ ገፋ አድርጎ፣ «አካውንት ተሰጥቶሃል፣ ከዚያ ወዲያ እኛን አይመለከተንም» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ለጌም ደረሰኝ አይቆረጥም» ካለ በኋላ ወደ ባልደረባው ዞሮ፣ «ይህን የሚያህል ሰውዬ ጌም ተወሰደብኝ ብሎ መጣ» ሲል ሁለቱም ሌላ ደንበኛ ፊት ሳቁብኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው ያንገበገበኝ። በላቤ ያገኘሁትን ብር ከፍዬ የገዛሁትን ነገር መጠየቄ የሚያሳፍር አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ጌም የሚሸጥ ነጋዴም ነጋዴ ነው።

አካውንቱ በራሳችሁ ኢሜይልና ስልክ ካልተከፈተ፣ ደረሰኝም ካልተቆረጠ አትክፈሉ። እኔ የቴሌብር መልእክቱንና ፎቶውን ይዤ ነገ ጠዋት ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ እሄዳለሁ፤ በዚህ መንገድ ጌሙ የጠፋበት ሌላ ሰው ካለ የክፍያ መልእክቱን ሳያጠፋ ይዞ ይምጣ፣ አብረን እናመልክት።