ጮቄ ወይስ ግሽ ዓባይ?

የጎጃሙን የጮቄ ተራራና የዓባይ መነሻ ምንጭ የሆነችውን ግሽ ዓባይን በአንድ ቀን ሁለቱንም አሳያችኋለሁ የሚል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ አትመኑት፤ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል።

መንገድ፦ ጮቄ ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ይወጣል። ግሽ ዓባይ ሰከላ ወረዳ ነው፤ ከዋናው አስፋልት ቲሊሊ ላይ ይገነጠላል። በክረምት ጭቃው ለሁለቱም አይራራም።

ወጪ፦ ኪስ የሚጎዳው የመኪናው ኪራይ ነው፤ አራት ሆኖ መሄድ ያቀለዋል።

ድካም፦ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ትንፋሽ ያጥራል፤ ጋቢ የረሳ ደግሞ ጸሐይ እያየችው ይንቀጠቀጣል። ግሽ ዓባይ ብዙ ዳገት የለበትም።

የሚታየው፦ ጮቄ ላይ የገብስ ማሳ፣ ጉም፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጅብራ የሚባል ተክል፤ ከተራራው የሚፈልቁት ጅረቶችም ዓባይን ይቀላቀላሉ። የግሽ ዓባይ ምንጭ ግን ለዓይን ትንሽ ናት፣ አንዳንዱ እንግዳ «ይኸው ነው?» ይላል። ትልቁ ታሪኳ ነው፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚህ ደርሰዋል። ለአካባቢው ምእመን ግን ጠበል ናት፤ ስለዚህ በጠዋት፣ እህል ሳይቀምሱ መሄድ ይሻላል።

እግሩ ለጸና፣ ካሜራ ለያዘ ጮቄ፤ ከአረጋውያን ወላጆቹ ጋር ለሚጓዝ ወይም ታሪክ ለሚወድ ግሽ ዓባይ። ለሁለቱም የመንገዱን ደኅንነት ቀድሞ የአገሩን ሰው መጠየቅ ነው።